ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ

ኳሷ የቅርጫቱን ብረት ዞራ ዞራ ገባች፤ ወዲያው ፊሽካው ተነፋ። የኮድቡር ሰፈር ልጆች በአንድ ነጥብ አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ።

ሜዳው ተናጋ። አናጺው፣ ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ የዕረፍት ቀኑን ዓርብን ጠብቆ የመጣው የሐበሻ ወጣት ሁሉ አጥሩን እየዘለለ ገባ። ኳሷን ያገባውን ባንተአምላክን ተሸከሙት። እሱም ከትከሻቸው ላይ ወርዶ እስክስታውን አስነካው፤ ያ መለሎ ቁመናው እየተውረገረገ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

አስረስ ብቻ አልጨፈረም። የቡድኑ አምበል ነው። ከባንተአምላክ ጋር አንድ መንደር ተወልደው፣ አብረው ድንበር ተሻግረው፣ እዚሁ ሀርጌሳ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከአገር ቤት ተደውሎለት ነበር። የባንተአምላክ እህት አምለሰት ዐርፋለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

«መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ይንጋ» ብለውት ነበር አሰልጣኙ ጋሽ ኸይሩ ሲያማክራቸው። እውነታቸውን ነው፤ ወጉም እንደዚያው ነው። ሲነጋ ግን፣ «ዛሬ ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ከጨዋታው በኋላ ይሁን» አሉ። አስረስ አልተከራከረም። እንዲያውም ልቡ ቀለል ብሎት ነበር።

ቡድኑ እዚህ የደረሰበት መንገድ ዳገት ነበረ። ከምድባቸው በስንት መከራ ካለፉት የመጨረሻው ሆነው በማለፋቸው፣ በሩብ ፍጻሜው የደረሳቸው ያምናው ሻምፒዮን ነው። እሱን ሲጥሉ ኳስ አቀባያቸው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ከሜዳ ወጣ። ዛሬ ደግሞ ውጭ አገር አድገው፣ ጨዋታውን እዚያው ተምረው የተመለሱ ልጆች ገጠሟቸው። አሁን የቀረው የመሐመድ ሞጌ ሰፈር ቡድን ነው፤ እሱ በደልዳላ መንገድ መጥቶ፣ አንድም ተጫዋች ሳይጎዳበት ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ያለ ባንተአምላክ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆምላቸው ሰው የለም።

ጋሽ ኸይሩ የአስረስን ክንድ ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ሳቡት።

«ስማኝማ። ፍጻሜው የዛሬ ሳምንት ነው።»

«ጋሽ ኸይሩ፣ ከጨዋታው በኋላ ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ። ግን ቀብሩ አልፏል፤ አሁን ቢሄድስ ምን ላይ ይደርሳል? ወላሂ ለራሴ ብዬ አይደለም። እዚህ አገር አካፋ ከመያዝ ሌላ ነገር የምናውቅ የሚመስለው ሰው አለ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ስማችን በዋንጫ ይጠራ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አስረስ ሊጠላቸው ፈለገና አቃተው። ያ ዋንጫ ለእሱም በሕልሙ ይመጣበታል።

ባንተአምላክ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ለአምለሰት ልደውልላት! ‹ቂጡ ቀዳዳ ቅርጫት ውስጥ ኳስ መክተት ምን ይሉት ጀግንነት ነው?› ትለኝ የለ? ለፍጻሜ አለፍን ስላት እስቲ ምን እንደምትል!»

ደወለ። ደግሞ ደወለ።

«ዝግ ነው። መብራት ጠፍቶባት ይሆናል» አለ። «ግድ የለም፤ ነገ እሞክራታለሁ።»

ጋሽ ኸይሩ መሬት መሬቱን አዩ። አስረስ የሚመጣው ሳምንት ፊቱ ላይ ተደቀነበት። ነገም ይደውላል፣ ከነገ ወዲያም ይደውላል፤ ከሥራ ገብተው ጎን ለጎን ጋደም ባሉ ቁጥር «ዛሬም ዝግ ነው» ይለዋል፤ እሱም «ኔትወርክ ነው» ይለዋል።

«ባንተ» አለው።

«አቤት።»

«ና እስቲ ቁጭ በል።»

«ዛሬ ማን ይቀመጣል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የአስረስን ፊት አየ፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ወረደ። «ምንድን ነው?»

መርዶ ሽማግሌ ይሻል፣ ንጋት ይሻል፣ ከግራ ከቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው ይሻል። አስረስ አንዱም አልነበረውም። ስልኩን ከእጁ ላይ ወሰደና፣

«አምለሰት የለችም፣ ወንድሜ» አለው።

ባንተአምላክ አልጮኸም። ደረቱንም አልደቃም።

«መቼ?»

«ትናንት። ድንገት ታማ ነው አሉ።»

«ትናንት» አለ። ዞሮ አሁን የጨፈረበትን ሜዳ አየ። «ታውቁ ነበራ።»

«እናውቅ ነበር።»

«እና ስጨፍር ቆማችሁ አያችሁኝ?»

ጋሽ ኸይሩ «ልጄ…» ብለው አንድ እርምጃ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

ጭፈራው ከዳር እየከሰመ መጣ። የተሸነፈው ቡድን አምበል ናጂብ ጠጋ ብሎ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ሲነግሩት፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ጓደኞቹን በእጁ ጠራ። ቅድም በእልህ ሲጋፉ የነበሩት ልጆች ተሰልፈው መጥተው አንድ በአንድ የባንተአምላክን እጅ ጨበጡ።

እሱ እጁን ሰጣቸው እንጂ አላያቸውም። የመጨረሻው ልጅ ሲያልፍ ማሊያውን አወለቀ። ጥሎት የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ሐዘንተኛ ልብሱን እንደሚገለብጥ ገለበጠው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጣ፣ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ገባ። መልሶ ለበሰውና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

የአስረስም እጅ ወደ ገዛ ማሊያው ጫፍ ሄደ። ጨርቁን ጨብጦ ቆመ፤ ገልብጦ ሊለብሰው ግን አልደፈረም።