ትንፋሽ ያዙ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የራጅ ባለሙያው «አንቺ! ቶሎ በይ፣ ልብስሽን አውልቂ!» ብሎ አሮጊቷ ላይ ጮኸባት። የልጇ ደም ፈላ።

«አንቺ የምላት እኔ የወለደችኝ ነኝ። አንተ አንቱ ብትላት ምላስህ አይቆረጥም!»

«እዚህ ቤት አንቱ የለም። አጥንት ሁሉ አንድ ነው» አላት። አሮጊቷን ማሽኑ ፊት ብቻዋን አቁሞ፣ በሩን ዘግቶ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጠ።

ልጅቷም አጠገቡ ተገተረች። የእናቷ ሳል ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል፤ ዛሬ ቁርጡን ሳታውቅ ንቅንቅ አትልም።

ባለሙያው ማይክሮፎኑን ተጫነ። «አየር ሳቡ። ትንፋሽ ያዙ። እንዳትንቀሳቀሱ።»

«እንዲህ ነው እንጂ! በብዙ ቁጥር ማክበር ለካስ ታውቅበታለህ» አለች፣ ንዴቷ በረድ ብሎ።

«ማን አንቱ አላት? ለሁለቱም ነው።»

በመስታወቱ አሻግራ አየች። እናቷ ብቻዋን ቆማለች። ወዲያው ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«አየር። ሳንባዋ ንጹህ ነው።»

«ነጩስ?»

«አጥንት ነዋ!»

ምስሉ ውስጥ በእናቷ ጎድን ላይ የሌላ ሰው ሁለት ነጫጭ ክንዶች ከጀርባ ዞረው፣ ጣቶቻቸውን ደረቷ ላይ ቆላልፈዋል።

«አስታማሚ ይዛችሁ አትግቡ ስንል አትሰሙም!» አለ ባለሙያው በንዴት። «በይ ልቀቃት በይው፣ ድጋሚ ላነሳ ነው።»

አሮጊቷ ዓርብ ዕለት አረፈች። ከስታ እንደ ላባ ቀልላ ነበር፤ ሳጥኗን ግን አራት ጎረምሶች ማንሳት አቅቷቸው ሌሎች አራት ተጨመሩ።