የዳገቱ ማርሽ

ብስክሌቱን ዘቅዝቄ በኮርቻውና በመሪው አቁሜዋለሁ። ካቴናው ወልቋል። የኋላው ጎማ ላይ ስድስት ጥርሳም ቀለበቶች አሉ፤ ካቴናውን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው ክንድ ግን ከተጣመመ ወር አልፎታል። መለዋወጫው እንኳን እዚህ መካነ ሰላም፣ ደሴም ተፈልጎ አልተገኘም። ያለው መላ ክንዱን ከነሽቦው አውልቆ መጣል፣ ካቴናውን ማሳጠርና ብስክሌቱን በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሞተርና ባጃጅ ሲፈታ ለኖረ ሰው ይህ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ እየጎተትኩት ነው።

ደክሞኛል። ያደከመኝ ብስክሌቱ አይደለም። ልጄ ሀጀራ አሮጌ ጎማዎቹ ላይ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች። ፓስፖርቷ መድረሱን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሳምንት አለፈ። ሥራው ሲያልቅ እንደምትናገር ስለገባኝ አንዷን ብሎን ሦስት ጊዜ በናፍጣ አጠብኳት።

ብስክሌቱ የእሷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሳዑዲ ተባራ ስትመለስ፣ በያዘቻት ጥቂት ገንዘብ ደሴ ላይ አሮጌ ገዛች። የምትጋግረውን ዳቦ በየሻይ ቤቱ ታደርስበታለች። ሴት ልጅ በብስክሌት ስትሄድ ከተማው መጀመሪያ ሳቀ፤ ዳቦው ሲጣፍጠው ዝም አለ። ኋላ ዱቄት ሲወደድ ዳቦው አነሰ፣ ዳቦው ሲያንስ ሻይ ቤቶቹ ራቁ። አንድ ቀን ምጣዱን አጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ያን ቀን ነው ማወቅ የነበረብኝ።

ካቴናውን በየትኛው ቀለበት ላይ እንዳውለው ጠየቅኳት። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ጣቴን ትንሹ ላይ አድርጌ ነበር። ትንሹ ሲረግጡት ይከብዳል፣ ሜዳ ላይ ግን ይበራል፤ ለወጣት እግር ነው።

«ትልቁን ያድርጉት አባ» አለች። «የዳገቱን።»

ትልቁ ዳር ስለሆነ ካቴናውን ያጣምመዋል አልኳት። እንግዲያው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይሁን አለች። የሙያ ሰበብ አለቀብኝ።

«አንቺን መቼ ነው ዳገት የከበደሽ?»

መሬት መሬት እያየች «ለእርስዎ ጉልበት ብዬ ነው» አለች።

ሱቄ ታች መንገዱ ዳር ነው፣ ቤታችን ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ። ጉልበቴን እያሸሁ ሦስት ቦታ አርፌ ነው የምገባው። ብስክሌቱ የእኔ ከሆነ እሷ የለችም ማለት ነው። ትርፉን ካቴና ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቤ ወጠርኩና ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ብስክሌቱን ሳቃናው እሷም ተነሳች። ሻርፗን አስተካከለች።

«አባ፣ አፉ በሉኝ።»

እኛ አገር መንገደኛ ይህን ሳይል አይወጣም። አውቆም ሳያውቅም የበደለውን ሁሉ ይቅር አስብሎ፣ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ይህን ሳያገኝ የወጣ ሰው መንገዱ አይቀናውም እንላለን። ሀጀራ መጀመሪያ የሄደች ጊዜ ገበያ ደርሼ መጣሁ ብላ ነው የወጣችው፤ ከወር በኋላ ባሕር ተሻገረች ተባልኩ። «አፉ በሉኝ እንኳ ሳትል» እያልኩ ስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ አማኋት። ይኸው አሁን የተመኘሁት መጣ። ምነው ባልተመኘሁት።

«መጀመሪያ ልሞክረው» አልኳት።

ዳገቱን ጀመርኩ። ብስክሌቱ አልተንገራገጨም፣ ካቴናውም አልዘለለም። የመጀመሪያ ማረፊያዬን ሳላርፍ አለፍኩ፤ ሁለተኛውንም አለፍኩ። ጉልበቴ ዝም አለ። በገዛ እጄ ሥራ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ፍሬን ያዝኩና ወረድኩ፤ እየገፋሁ ተመለስኩ።

«አልወጣም አለኝ» አልኳት፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ። «ተመልሶ መፈታት አለበት። አንድ ሳምንት ሳይፈጅብኝ አይቀርም።»

ከተማው «ሙሐሲን የሠራው ተመልሶ አይመጣም» ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ለውሸት ሰጠሁት።

ሀጀራ አልተቆጣችም። ብስክሌቱን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «አይቼዎታለሁ አባ» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ይወጣ ነበር። የወረዱት እርስዎ ነዎት።»

እሷ ተቀምጣበት የነበረው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሐሙስ ነው አለች። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቷ የተሟላ እንደሆነ፣ በአውሮፕላን እንደምትሄድ፣ በየጁምዓው እንደምትደውል ነገረችኝ። እኔ ጣቶቼ መሃል የገባውን ግራሶ በጨርቅ እጠርግ ነበር፤ አልለቅ አለ። ብከለክላት ትቀር ይሆናል። ቀርታ ግን ያንን የተሰቀለ ምጣድ ስታይ ትኖራለች፤ እኔም እሷን ሳይ።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «አፉ ብዬሻለሁ ልጄ። አላህ መንገድሽን ያግራልሽ።»

ቁጢጥ አለችና ቀኝ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ ግራውን። የሚያመኝ ግራው ነው፤ እሱ ላይ ቆየች።