የመለማመጃው ቁጥር

ሞካሪው ቁጥሩን ጻፈና ቀዩ መብራት እስኪበራ ጠበቀ። የበራው አረንጓዴው ነው።

ሌላ ቺፕ አንስቶ የመሞከሪያ መሣሪያው አንቴና ስር አስቀመጠ። ጥፍር የሚያክል ጥቁር ነገር ነው፤ ውስጡ ያሉት መስመሮች ከፀጉር በሺህ እጥፍ ይቀጥናሉ። ደረት ውስጥ በሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ ውስጥ ይገባል፤ ባዕድ ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰው ልብ ላይ እንዳያዝ የሚቆልፈው እሱ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ምስጢር ቁጥር አለው። ሞካሪው የጻፈው ግን ለሁሉም አንድ የሆነውን የመለማመጃ ቁጥር ነው፤ ከፋብሪካው ሳይወጣ ተቃጥሎ መጥፋት የነበረበትን።

አሁንም አረንጓዴ።

አጠገቡ ወደተቀመጠው አለቃው ዞረ። "ኢንጂነር፣ ይኼን እየው እስቲ። የመለማመጃው ቁጥር ከፈተልኝ።"

ኢንጂነሩ ከስልኩ ቀና ሳይል ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ ይኼንንም ስምንተኛ ክፍል አስተማሯችሁ እንዴ? እርስዎ ይጫኑ፣ ማሰቡን ለእኛ ይተዉት።"

ይህችን ሳቅ ያውቃታል። እጃቸውን ይዞ ያስለመዳቸው ልጆች ሁሉ አለቃው ሲሆኑ በዚህችው ሳቅ ነው የሚጀምሩት። ሌላ ቀን ቢሆን "ጉዳችሁ ይፍላ" ብሎ በሆዱ ይዞት ይገባ ነበር።

"ቁጥሩን ማቃጠሉን ከመቼ ጀምሮ ነው የዘለልነው?"

"ያኔ የትእዛዙ ጥድፊያ ጊዜ ነዋ። የዘለሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

"ዝለለው ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?"

ሞካሪው ፊርማውን ወዲያው ረሳው። ከዚያ ጥድፊያ ከወጡት ቺፖች አንዱ የሴት ልጁ ደረት ውስጥ ነው። "ለሠራተኛ ቤተሰብ" ብለው ሲሰጡት እጅ ነሥቶ ነበር የተቀበለው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያከበሩት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ቺፑን ከአንቴናው ስር አነሣው። መብራቱ ጠፋ። መሣሪያው ግን ያንኑ ቁጥር በአየር ላይ መጣራቱን አላቆመም።

በሩ ተከፈተ።

"አባዬ፣ ምሳ አንሄድም?" ያቺው ልጁ ናት፤ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። "ምነው፣ ፊትህ ምን ሆነ?" ብላ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

"እዚያው ሁኚ" ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች።

ኢንጂነሩ ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አንቴናው ስር ምንም የለም፤ አረንጓዴው መብራት በርቷል።