ሽታው ብቻ ይቅር

ጥይቱ አልወጣም። ኸድራ በአውራ ጣቷ ደግማ ገፋችው፤ ከብረቱ መያዣ ጋር እንደ ተጣበቀ ቀረ። ጥርሷን ነክሳ ለሦስተኛ ጊዜ ስትገፋው ሁለቱ ተዛንፈው ጭኗ ላይ ወደቁ፤ ሦስቱ እዚያው ቀሩ።

መያዣዋ ከጣት የማትረዝም ቀጭን ብረት ናት። አምስት ጥይት ከቂጣቸው ነክሳ በሰልፍ ትይዛለች። ተኳሹ ጠመንጃው ላይ ይደቅናትና አምስቱን በአንድ ግፊት ያጎርሳል፤ ብረቷ ባዶዋን ትወድቃለች። ጥይቶቹ ተንሸራተው ካልገቡ ግን ሰውየው የያዘው ጠመንጃ አይደለም፣ ዱላ ነው።

ኸድራ ጣቷን አሸተተች። የሰሊጥ ዘይት።

በክረምቱ ዝገት ጀማምሯቸው ነበር። ስድስቱንም መያዣ በአመድ ፈትጋ፣ በቀርከሃ ስንጥር ጥግ ጥጋቸውን ፍቃ፣ ከዚያ የዘይት ቅሏን ዘቅዝቃ ያጠጣቻቸው እሷው ናት። ሟቹ ባሏ ዐብዱልቃድር ይህንኑ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣ ስንት ጊዜ አይታዋለች! “ቀብተሽ ስታበቂ መልሰሽ ጥረጊው፤ ሽታው ብቻ ይቅር” ይላት ነበር። አልጠረገችውም። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ለአንድ ልጅ ዘይት አይሰሰትም ብላ። ዘይቱም በበጋው ሙቀት ረግቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ሙጫ ሆነ።

ከስድስቱ ሦስቱን ልጇ ሻዕባን ይዟቸው ሄዷል። የወርቅ ነጋዴዎች ጠባቂ ሆኖ በሆሞሻ በኩል ወደ ወሰኑ ከወረደ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ወንበዴ አያጣውም።

አመድ ዘግና፣ ስንጥሩን አንስታ የቀሩትን ሦስት መያዣዎች መፈተግና መፋቅ ጀመረች። ወደ ታች የሚወርድ ሰው ባገኝ እልክለት ነበር እያለች ፋቀች። ማንን ታገኛለች? ልጁ ከሄደ ወዲህ ከዶሮ በቀር ደጇን የረገጠ የለም።

“ኡም ሻዕባን! አሰላሙ ዐለይኩም! ሰው አለ?”

‘የሻዕባን እናት’ ተብላ ስትጠራ ብድግ አለች፤ ጥይቶቹ ከነመያዣዋ ከጭኗ ተበተኑ። የጨው ነጋዴው ማህጁብ ነው፤ ከነሻዕባን ጋር አብሮ የወረደው ማህጁብ። አህያውን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ በቀርከሃው መካከል ያያታል።

“ልጄስ?”

“ወዐለይኩም ሰላም አይቀድምም? እኔ ሰው አይደለሁም?”

“ማህጁብ፣ ልጄስ?”

“ደኅና ነው። እንዲያውም ወፍሯል።”

“አትዋሸኝ።”

“ወላሂ! ምግባቸው ሥጋ ብቻ ነው። እሱ አድኖ ባይገድልም ሌሎቹ ይገድላሉ።” ከወገቡ ቋጠሮ ፈትቶ አንዲት ባዶ የጥይት መያዣ አወጣ። “እንኪ። ‘ጥይት ይገዛል፣ መያዣ አይገኝም፤ እናቴ አጽድታ ታስቀምጥልኝ’ ብሎሻል።”

ኸድራ አልተቀበለችውም። “ባዶ ናት። ተኩሷል ማለት ነው።”

“ተኮሰ እንጂ! ድኩላ ላይ። አምስቱንም ጨረሰ። ድኩላው ቆሞ አየው አየውና ቀስ ብሎ ሄደ። የሆሞሻ ሴቶች እስካሁን ይስቁበታል።”

“አምስቱም ገቡለት?”

“አንድም አልነካው እያልኩሽ!”

“ድኩላው ይቅርብኝ! ጥይቱ። ጠመንጃው ውስጥ ሳይጣበቅ አምስቱም ገቡለት ወይ?”

ማህጁብ ወደ አጥሩ ተጠጋ። አመድ የለበሰ እጇን አየ። መሬት ላይ የወደቀችውን መያዣ፣ ሦስት ጥይት ነክሳ አልለቅ ያለችውን፣ አየ።

“አወቅሽው በይኛ” አለ።

“ምኑን?”

“እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።”

“ብትምልስ? እናቱ ነኝ፤ ንገረኝ።”

“ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ውሃው ዳር ስናርፍ፣ አንዷን ሞከራት። እምቢ አለችው። ያን ጊዜ ሦስቱንም አራግፎ በአመድ ፈተጋቸው፤ በልብሱ ጫፍ ጠራረጋቸው። ‘እናቴ ብትችል እኔንም ዘይት ውስጥ ዘፍቃ ነበር የምትልከኝ’ ሲል ሳቅንበት። ኋላ ግን ለብቻዬ ጠራኝና ‘እንዳትነግራት፣ ሁለት ቀን የለፋችበት ነው’ አለኝ።”

ኸድራ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። በነጠላዋ ውስጥ “አልሐምዱ ሊላህ” አለች።

“መቼ ይመለሳል?”

ማህጁብ ዞሮ የአህያውን ጭነት ማጥበቅ ያዘ። የጠበቀውን መልሶ አጠበቀው።

“ነጋዴዎቹ ወሰኑን ሊሻገሩ ነው፤ እሱም ከነሱ ጋር ይሻገራል። እንግዲህ... ክረምት ሳይገባ።”

“የትኛው ክረምት?”

“አላህ ያውቃል፣ ኡም ሻዕባን።” ባዶዋን መያዣ በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፎ እጇ ላይ አኖረላት። “አህያዬ ተጠማብኝ፤ ልሂድ።”

የአህያው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ አመዱ አጠገብ ተቀመጠችና ልታጸዳት መያዣዋን ወደ ብርሃን አነሳቻት። ጥግ ጥጓ ተፍቋል። ዝገት የላት፣ አቧራ የላት፤ የሚጸዳ ነገር አላገኘችባትም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት።

ሽታው ብቻ ቀርቷል።

የተበተኑትን ጥይቶች ለቅማ፣ የተጣበቁትን ሦስቱን ደግሞ በስንጥር አላቅቃ አንድ በአንድ ጠራረገቻቸውና ከልጇ በመጣችው መያዣ ላይ ደረደረቻቸው። አውራ ጣቷን ጫነች። አምስቱም፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ተንሸራተው ጭኗ ላይ ወረዱ። ብረቷ ባዶዋን እጇ ውስጥ ቀረች።