እርጥቧ ዕጣ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንባቢዎች ስለ አንድ የታወቀ የባሕር ጉዞ ልቦለድ ይከራከራሉ። በልቦለዱ ጀልባዋ በማዕበል ልትሰምጥ ስትል ካፒቴኑ ዕጣ ያስወጣል፤ ዕጣው የወጣበት ወጣት ሸክም እንዲቀል ወደ ባሕር ይወረወራል።

«ካፒቴኑ ፍትሐዊ ሰው ነው» አለ ሰብሳቢው። «እሱ ራሱም ዕጣ አውጥቷልኮ!»

ከአንባቢዎቹ አንዱ የሆነ ሰውዬ ጥጉን ይዞ በላብ ተጠምቋል። አጠገቡ እማማ ስህን ተቀምጠዋል፤ ከሰባት ዓመት በፊት ሰውየው ከቀይ ባሕር የስደት ጀልባ ተርፎ አብሮት የተሳፈረውን የልጃቸውን መርዶ ካረዳቸው ወዲህ «ልጄ» ነው የሚሉት።

«ምን ፍትሕ አለ!» ብሎ ሰውየው ድንገት ጮኸ። «ዕጣው ተጭበርብሯል!»

«ከየት አመጣኸው? መጽሐፉ ላይ የለም» አለ ሰብሳቢው።

ሰውየው ወረቀት ቀዳዶ ጠቀለለና አንዷን በምራቁ አራሳት። «የዕቁብ ሌባ ተንኮል ነው። ዕቁብ ላይ እርጥቧን ዳስሰህ ታወጣታለህ፤ ባሕር ላይ ግን እርጥቧ የሞት ዕጣ ናትና ዳስሰህ ትተዋታለህ። ነገሩን ለማያውቀው የመጨረሻዋ ትቀርለታለች።»

እማማ ስህን እርጥቧን ወረቀት አንስተው በጣታቸው ዳሰሷት።

«የኔም ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዕጣ ያወጣው መጨረሻ ላይ ነው ብለኸኝ አልነበር?»