የሳፊያ ስቅታ

ሳፊያን ስቅታ የጀመራት ባሏ ሀይረዲን በታሰረ ማግስት ነው። መጀመሪያ ቁም ነገር አላለችውም። ሽንኩርት ስትከትፍ ስቅ ይላታል፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ይተዋታል። እያደር ግን ውሃውም አልሠራ አለ። ታክሲ ውስጥ፣ ሶላት ላይ፣ ልጇን ስታጠባ ሳይቀር ይመጣባታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ታየች። ሐኪሟ የከፋ ነገር አላገኘችባትም፤ «ጭንቀት ይሆናል» አለቻት።

ጭንቀትስ ነበረባት። ሀይረዲን የሚኒባስ ሾፌር ነው። አንድ ምሽት ከዘመድ ቤት ሲመለሱ ኮዬ ፈጬ መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ገጭቶ ሳይቆም ነዳ። ሳፊያ ጋቢና አጠገቡ ነበረች።

«ቁም! ሰውየው ወድቀዋል! በአላህ ቁም!» ብላ እጅጌውን ጎተተችው። አልቆመም።

ቱሉ ዲምቱ፣ ቤታቸው ሲደርሱ በሩን ዘግቶ ትከሻዋን ያዛት።

«ስሚኝ። አንቺ አብረሽኝ አልነበርሽም። ማንም ቢጠይቅሽ ቤት ነበርኩ በይ። ልጅ አለን፤ አንቺን እንዳይነካኩብኝ ነው።»

የተገጩት አቶ ታደሰ የሚባሉ የመጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቃት ሳፊያ እንደተባለችው «ቤት ነበርኩ» አለች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አላት፤ ባሏን ግን አላጋለጠችም።

ማን እንዳስያዘው አልጠፋትም። ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያለው ሙህሲን ነው። ያገራቸው ልጅ፣ በዒድ አብረው የሚበሉ ጎረቤት። ሀይረዲን የተያዘ ዕለት ፖሊሶቹ መጀመሪያ ሙህሲን ሱቅ ገብተው ሲያወሩ በመስኮት አይታቸዋለች። ልትጠይቀው ቃሊቲ ስትሄድ ሀይረዲንም ይህንኑ ነገራት።

«ከሙህሲን ራቂ። ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚው።»

ሳፊያም ራቀች። ስኳርና ዘይት እንኳ ማዶ ካለው ሱቅ መግዛት ጀመረች።

የስቅታውን ነገር የያዙላት እማማ ዲንቄ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ቦታው የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ከሳፊያ ፊት ለፊት ይኖራሉ። ስኳር ምላሷ ላይ አድርጋ ሳትውጥ እንድትቆይ ነገሯት። ሎሚ አስመጠጧት። አፍንጫዋን ይዘው ትንፋሿን አስዋጧት። አንድ ቀን ደግሞ ከኋላዋ ቀስ ብለው መጥተው ሁለት የድስት ክዳን አጋጩባት። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፤ የሳፊያ ስቅታ ግን ቀጠለ።

«እንግዲያው ስምሽን የሚያነሳ ሰው አለ» አሉ እማማ ዲንቄ ክዳኑን አስቀምጠው። «እስቲ እየጠራሽ ሞክሪ። ያነሳሽን ሰው ስትጠሪው ይተውሻል።»

«ሙህሲን» አለች ሳፊያ ወዲያው። ስቅ አላት።

«ሌላ ጥሪ።»

«እናቴ።» ስቅ አላት።

«ኧረ ባልሽን ምነው ረሳሽው?»

«ሀይረዲን።»

ሁለቱም ጠበቁ። ስቅታው ዝም አለ። ሳፊያ እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ መድኃኒት መፈለጉን ተወችው። ስቅ ሲላት «እዚያ ሆኖም እኔን ነው የሚያስበው» እያለች ደረቷን ትዳብሳለች። ለሀይረዲንም በአጥሩ ማዶ ነገረችው። ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ጥበቃው አዞረ።

«እንዴት አላነሳሽም» አለ። ከዚያ፣ «የመንጃ ፈቃድ ልታወጪ መማር የጀመርሽበት ወረቀት አለ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

«አትጣይው። ስወጣ ትጨርሺዋለሽ።»

በዚህ ሁሉ መሀል ስለ እሷ መማር ማሰቡ ሆዷን አባባት።

ሙህሲን ግን አላርፍ አለ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ሳፊያ፣ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ፤ ፖሊስ ጣቢያ ጠርተውኝ…»

«መንገዱን ለምደኸዋል» ብላ አልፋው ወጣች።

በማግስቱ በእማማ ዲንቄ በኩል ላከባት።

«ጠበቃ ትያዝ በሉልኝ ብሎኛል» አሏት። «ሳትውል ሳታድር ብሏል።»

«ባሌን አሳስሮ ለኔ ጠበቃ ይመርጥልኛል? ሁለተኛ የሱን መልእክት እንዳያመጡብኝ፣ እማማ።»

እማማ ዲንቄ ቅር ብሏቸው ወጡ።

በሚቀጥለው ጥየቃ ሀይረዲን ፊቱ ፈክቶ ጠበቃት። ጢሙን ተላጭቷል። «ሰሞኑን ሳልወጣ አልቀርም» አላት፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልነገራትም። ሳፊያ እየበረረች ተመለሰች። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጸዳች፣ የሚወደውን ሸሚዝ አጥባ ተኮሰች። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ልጇን አቅፋ ሮጣ ከፈተች።

አንዲት ፖሊስና ባልደረባዋ ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ደረጃው ላይ፣ ሙህሲን አለ።

«ሳፊያ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ሀይረዲን ሊፈታ ነው?»

«አዎ፣ ይፈታል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ሙህሲንን ሽቅብ ቁልቁል አየችው። ሙህሲን አንገቱን ደፋ።

ፖሊሷ ሕፃኑን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ጥሪ፤ ያን ምሽት ሚኒባሱን ስትነጂ የነበርሽው አንቺ መሆንሽን ባልሽ ከታሰረ ጀምሮ እየነገረን ነው።»