የኦማሃ ፎቆች

ካድሬው ከፋለ የጎታውን ክዳን አንስቶ እጁን እስከ ብብቱ ድረስ ወደ ገብሱ ይሰዳል። ያማስላል። አውጥቶ ያራግፈዋል።

«ልጅሽ የት ነው?»

«ቆቦ ወርዷል አልኩህ እኮ፣ ጌታዬ። ለማሽላ አጨዳ።»

«ጌታ የለም። ጓድ በይ።»

«እሺ፣ ጓድ ጌታዬ።»

በሩ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ የቆመው ሚሊሺያው አረጋ ይስቃል፤ ወዲያው ያቆማል። ይማርሽ ሳቁን አታምነውም። አረጋ ጎረቤቷ ነው። አምና ታላቁን ልጇን ከገበያ መሃል ይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ያስረከበውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጦር ግንባር አንድም ወሬ አልመጣላትም።

ታናሹ ምስጋኑ መደቡ አጠገብ በተነጠፈው ጀንዲ ሥር ነው። ከቆዳው በታች ሳንቃ አለ፤ ከሳንቃው በታች እናትና ልጅ ተጋግዘው የማሱት ጉድጓድ።

ካድሬው ጎታውን ትቶ ወለሉን በዱላው መምታት ይጀምራል። ጥጉን ይመታል። ምሰሶው ሥር ይመታል። እየመታ ያዳምጣል። ወደ ጀንዲው አንድ እርምጃ ሲቀረው የይማርሽ አፍ ሳታዘው ይከፈታል።

«ያንንስ አላያችሁትም?»

ሁለቱም እጇን ተከትለው ያያሉ። ግድግዳው ጭቃው እንዳይረግፍ ዙሪያውን በጋዜጣ ተለብጧል። ከጋዜጣው መሃል ጭስ ያጠየመው አንድ ባለቀለም ፎቶ አለ፤ ወንዝ ዳር የተደረደሩ ፎቆች። ሟቹ ባሏ ወልደ ጊዮርጊስ ቱሪስት ያስጎበኝ በነበረበት ዘመን አንድ እንግዳ ከቀን መቁጠሪያው ቀድዶ የሰጠው ነው። ባሏ በዱቄት ሙጫ ለጠፈው፤ እሱ ሲሞትም እዚያው ቀረ።

«ምንድን ነው?» ይላል ካድሬው። ዱላው ወርዷል።

«ረጃጅም ቤቶች ናቸው። ሰውየው ‹በከተማዬ ከሁሉ የሚረዝሙት እነዚህ ናቸው› ብሎ ለባለቤቴ ሰጠው።»

«የማን ከተማ?»

መልሱ እንደሚያሳስራት ታውቃለች። «የአሜሪካ።»

ካድሬው ከግድግዳው ተጠግቶ ከሥር ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። «ኦ… ማ… ሃ።» ግንባሩ ይኮማተራል። «ኒውዮርክ አይደለም። ዋሽንግተንም አይደለም። ጓድ አረጋ፣ ኦማሃ የሚባል ከተማ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ከወልድያ ወዲያ ምን አውቃለሁ?»

«አየህ! ማንም አያውቀውም። ለዚህ ነው የመረጡት። ኒውዮርክን ቢመርጡ ይነቃባቸዋላ!»

ይንቃ፣ ትላለች በልቧ። ብቻ ዓይኑ ከፎቆቹ አይውረድ። «ያቺ ጫፏ ላይ ዘንግ ያላት» ትላለች፣ «ከሁሉም ትበልጣለች ይል ነበር።»

«ዘንግ?» ካድሬው አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ይጠጋል። «ዘንግ አይደለም፤ አንቴና ነው! የሬዲዮ አንቴና!»

አረጋ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ውስጥ ይገባል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፎቶውን ብዙ ያየዋል።

«ይህን የሚያህል ቋጥኝ ከየት አገኙ?»

«የምን ቋጥኝ?»

«የፈለፈሉት ነዋ! ከጣራው ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ…»

«አንተ ሰው፣ ፎቅ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው!»

«እኛ አገር ከጣራ ነው የሚጀመረው» ይላል አረጋ፣ ከቁልቁለቱ ማዶ በዓለት ውስጥ ወደ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በአገጩ እያመለከተ። «እኔን የከነከነኝ አፈሩ ነው። ይህን ያህል ሲምሱ፣ የወጣውን አፈር የት ደፉት?»

ይህን ሲል ዓይኑ ፎቶው ላይ አይደለም። ይማርሽ ላይ ነው።

አፈሩን በቅርጫት እየተሸከመች ጓሮ፣ ሽንኩርቷ ላይ ነው የበተነችው። የጓሮዋ አፈር ጥቁር ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው ቀይ። ከመንገድ ላይ ሆኖ እንኳ ይታያል።

«ወንዙ ውስጥ ይሆናል» ትላለች። «ወንዝ አላቸው፤ ይኸው።»

«ወንዝ ከሆነስ ደህና፣ እትዬ ይማርሽ። ጓሮው የደፋ ሰው ግን አንድ ቀን ይታይበታል።»

«ኧረ በቃህ! አፈር አፈር ትላለህ!» ካድሬው የፎቶውን ጥግ ይዞ ይቦጭቀዋል። ጭቃ አብሮ ይረግፋል። ፎቆቹን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይወትፋል። «ቅደሚ። ኦማሃን ጽሕፈት ቤት ደርሰሽ ታስረጂናለሽ።»

ይማርሽ ነጠላዋን አንስታ ትወጣለች። ወደ ጀንዲው አትመለከትም። ካድሬው ከኋላዋ ነው። አረጋ ውስጥ ቀርቷል፤ በር ለመዝጋት ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ግቢው መሃል ስትደርስ ትቆማለች። ሳንቃው ሲነሳ ለመስማት ትጠብቃለች። የልጇን ጩኸት ትጠብቃለች።

የምትሰማው የበሩን መዘጋት ብቻ ነው።

ካድሬው አልፏት ቁልቁለቱን ጀምሯል። «ምን ይገትርሻል?» ይላል ሳይዞር። እሷ ግን ትዞራለች። አረጋ በረቱ ዘንድ ቆሞ መዝጊያውን እያነሳ ነው።

«እስኪመለሱ ላሟ ጦሟን ትዋል እንዴ?» ይላል።

ላሟን በጠመንጃው ሰደፍ ገፋ ገፋ እያደረገ ሽንኩርቱ ውስጥ ያስገባታል። ይማርሽ ፊቱን ለማየት ትጠብቃለች። አረጋ ጀርባውን እንደሰጣት ቀዩ አፈር ከጥቁሩ እስኪደባለቅ ላሟን በላዩ ያዞራታል፤ አንዴ፣ እንደገና፣ አውድማ ላይ እንደሚያበራይ ሰው።